የቀለም ሩጫ

ነገሩ የተጀመረው ከጣሪያ ነው። ፊደል የቆጠርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቆርቆሮው ዝጎ ክረምት በገባ ቁጥር ያፈሳል። ዘበኛው በሩን ከፍተው ሲያሳዩን መጻሕፍቱ አብጠው፣ ገጽ ከገጽ ተጣብቆ ነበር። ከሁሉም ልቤን የነካው ግን የውሰት መዝገቡ ነው። መጽሐፍ የወሰደ ልጅ ሁሉ ስሙን በእጁ የጻፈበት ያ ትልቅ መዝገብ፣ ቀለሙ ለቅቆ፣ ገጹ ሰማያዊ ኩሬ መስሏል። የእኔም ስም እዚያ ውስጥ ነበር። ገልጬ ገልጬ አጣሁት።

የቀድሞ ተማሪዎች ተሰባስበን ኮሚቴ አቋቋምን። ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ በቀረበት የአንደኛ ክፍል ዴስክ ላይ ተቀምጠን ገንዘብ የሚገኝበትን መላ ማውጠንጠን ያዝን። አንዱ ቶምቦላ አለ፤ ሌላው ባዛር። የቡና ጠጡ ዝግጅት ያለም ነበር። ከሁላችንም ታናሽ የሆነችውና በማስታወቂያ ሥራ የምትተዳደረው እኅታችን እስኪያበቁ ጠብቃ፣ «ለምን የቀለም ሩጫ አናዘጋጅም?» አለች። ስልኳንም አዞረችልን። ነጭ ቲሸርት የለበሰ ሰው በሩጫ ሲመጣ ከግራና ከቀኝ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ዱቄት ይበተንበታል። መጨረሻው ላይ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ሁሉም ይስቃል።

ሁላችንም ወደድነው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ግን ቀደም ሲል አስተማሪያችን የነበሩ አዛውንት ናቸው። ዛሬም «ቲቸር» ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አተኩረው አዩና፣

«ልጄ፣ ይኼ ዱቄት ከምንድን ነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁ።

«አይጎዳም ቲቸር፤ የበቆሎ ስታርች ነው። የሚበላ ነገር ነው።»

ይህን ያለችው ልታጽናናቸው ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን መለሱላትና፣ «እኔ በ77 ወሎ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ጥቂት ቆይተው፣ «የሚበላ ነገር ሲበተን ለማየት ቲኬት አልገዛም» አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ስብሰባው በዚሁ ተበተነ። አንድ ጊዜ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዣለሁና በሰፈራችን የሚጣራ ነገር ሁሉ የሚጣለው በእኔ ላይ ነው። «አንተ አጥናው» አሉኝ። አጠናሁት። እነሆ ያገኘሁትን ለአንባቢ አካፍላለሁ።

የቀለም መበተን ሥሩ ሕንድ ነው። ሆሊ የሚባለው በዓል የብርዱ ወራት አልፎ ሙቀቱ ሲቃረብ፣ ፋልጉን በሚሉት ወር፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይከበራል። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ጉላል የሚባለውን ባለ ቀለም ዱቄት ይቀባባል፤ ባለቀለም ውኃ ይረጫጫል። ታላቅና ታናሽ፣ ጌታና ሎሌ ለአንድ ቀን መልካቸው አንድ ይሆናል። ጥንት ቀለሙ ይገኝ የነበረው ፓላሽ ከሚባለው ዛፍ ብርቱካንማ አበባና ከእርድ ነበር፤ የፋብሪካው ቀለም በኋላ የመጣ ነው። ይህን ለቲቸር በኋላ ስነግራቸው አልተገረሙም። እሳቸው በተማሩበት ዘመን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንዳውያን አስተማሪዎች ብዙ ነበሩ። «የሒሳብ አስተማሪያችን አንድ ቀን ጆሮው ሥር ሮዝ ቀለም ይዞ መጣ» አሉኝ። «ሳቅንበት። እሱም ሳቀ። ምን እንደሆነ የጠየቀው ግን አልነበረም።» ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ መልሱ በእኔ በኩል ደረሳቸው ማለት ነው።

ሩጫውና ቀለሙ የተጋቡት ግን በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ትራቪስ ስናይደር የተባለ የሩጫ አዘጋጅ በአሜሪካ፣ በአሪዞና ክፍለ ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ «ዘ ከለር ረን» ያለውን ሩጫ አካሄደ። ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ሰው መጣለት። ደንቡ ቀላል ነበር፦ ሲነሱ ነጭ ልብስ፣ ሲጨርሱ በቀለም መነከር። ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር፤ ሰዓት አይያዝም፤ አንደኛም መጨረሻም የለም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገሮች ተዛመተ።

እዚህ ላይ አንድ ያስደነቀኝ ነገር አለ። የቀለም ሩጫ ሲጀመር የበጎ አድራጎት ሥራ አልነበረም፤ ንግድ ነበር። ትምህርት ቤቶችና የወላጅ ኮሚቴዎች ናቸው በኋላ ወስደው ለራሳቸው ገቢ ማሰባሰቢያ ያደረጉት። ለምን እንደመረጡትም ይገባኛል። በተራው የተማሪዎች ውድድር የሚሮጥ ልጅ ይመሰገናል፤ የማይሮጠው ያፍራል። አሸናፊ በሌለበት ሩጫ ግን ወፍራሙም፣ አንካሳውም፣ አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘውም ይገባሉ። ብዙ ሰው ከገባ ብዙ ቲኬት ተሸጠ ማለት ነው።

ለሌላ ሰው ብሎ መሮጥ ራሱ ከየት መጣ? በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊዘለል የማይችል አንድ ወጣት አለ። ቴሪ ፎክስ ይባላል፤ ካናዳዊ ነው። በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1980 በሰው ሠራሽ እግር ካናዳን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሊያቋርጥ ሩጫ ጀመረ። በቀን አንድ ማራቶን ያህል ይሮጥ ነበር። የለመነው ለካንሰር ምርምር ሲሆን፣ የጠየቀውም ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ነው። 143 ቀን ሮጦ፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ሸፍኖ፣ ካንሰሩ ወደ ሳንባው ስለተዛመተ ተንደር ቤይ ከተማ አጠገብ ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ ከ24 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። የአገሩም ሕዝብ ቁጥር ያኔ ያንኑ ያህል ነበርና የጠየቀውን አገኘ ማለት ነው። ቴሪ ፎክስ ሰኔ 28 ቀን 1981 በ22 ዓመቱ አረፈ።

የታሪክን ግጥምጥሞሽ ተመልከቱ፦ በዚያው ዕለት፣ ሰኔ 28 ቀን 1981፣ በሰሜን እንግሊዝ «ግሬት ኖርዝ ረን» የተባለው የጎዳና ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ያቋቋመው በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው ብሬንዳን ፎስተር ነው። ቴሪ ብቻውን ሲሮጥ ሌላው ከመንገድ ዳር ቆሞ ይሰጥ ነበር። በፎስተር ሩጫ ግን ሰጪውም ሯጩም አንድ ሆነ። ተራው ሰው ራሱ ቁጥር ለጥፎ፣ ከዘመድ ከወዳጁ ቃል አስገብቶ ይሮጥ ጀመር።

ወደ እኛ አገር የመጣውም መንገዱ ይኸው ነው። ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ወዳጆቹ የፎስተርን ሩጫ አርአያ አድርገው ለአዲስ አበባ አንድ ነገር አሰቡ። ኅዳር 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲካሄድ 10 ሺህ ሰው ወጣ። በኋለኞቹ ዓመታት ቁጥሩ ከ40 ሺህ አለፈ። እስከዚያ ድረስ ሩጫ ለእኛ የጀግና ሥራ ነበር። ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ ሯጭ ማለት ባንዲራ የሚያሰቅል ሰው ነው፤ የእኛ ድርሻ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሥር ተቀምጦ ማልቀስና መዝለል ነበር። ታላቁ ሩጫ ግን ጸሐፊዋንም፣ ባንከሩንም፣ ሊስትሮውንም አንድ ዓይነት ቲሸርት አልብሶ አስፋልቱን ሰጣቸው። የሚሮጠው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው እየዘፈነ ይሄዳል። ከሩጫው ጋርም ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ ተለመደ።

ለትምህርት ቤት ማዋጣት ደግሞ ከሩጫ እጅግ የቀደመ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከላይ፣ ከቤተ መንግሥት የመጡ ስጦታዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1947 በአዋጅ የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ሲጣል ግን ትምህርት ቤት ከገበሬው ኪስ የሚወጣ ነገር ሆነ፤ ግብሩን ከሚከፍሉት ብዙዎቹ ልጃቸው ደጃፉን ባይረግጥም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየገጠሩ ሲሠሩ የአካባቢው ሕዝብ በገንዘብም በጉልበትም ድርሻውን ያዋጣ ነበር። የጉራጌ ተወላጆችም ለመንገድ ብለው ያቋቋሙት ማኅበር በትምህርት ቤት ሥራም ስሙ ይነሳል። ለመሆኑ ሆያ ሆዬ እያሉ ቤት ለቤት መዞርስ፣ አበባዮሽስ ምንድን ነው? ልጆች እየዘፈኑ ብር የሚያሰባስቡበት የራሳችን ስልት አይደለምን? ስለዚህ «እየተደሰቱ ማዋጣት ባህላችን አይደለም» የሚለውን ክርክር አልተቀበልኩትም።

የዱቄቱን ነገር ግን መመለስ አቃተኝ።

አንዱ ጉዳይ አደጋው ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2015 ታይዋን ውስጥ፣ በአንድ የመዝናኛ ስፍራ በተደረገ የቀለም ድግስ ላይ የተበተነው ባለቀለም ስታርች አየሩ ላይ እንዳለ በእሳት ተያያዘ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 500 የሚጠጉ ተቃጠሉ። ደቃቅ ዱቄት በአየር ውስጥ ሲታፈግ እንደ ጋዝ ይነዳል፤ የእህል ወፍጮ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ድግሱ ሩጫ አልነበረም፤ በገላጣ መንገድ ላይ ጥቂት ዱቄት መበተን ከዚያ ጋር የሚተካከል አይደለም። ቢሆንም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ባለበት ሰፈር መቶ ሕፃናት ሰብስቤ ልተኛበት የምችለው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉዳይ የቲቸር አባባል ነው። እኔ በ1977 ዓ.ም. አልተወለድኩም። ረሀቡን የማውቀው በፎቶግራፍ ነው፤ ያውም ፈረንጅ ባነሳው። እሳቸው ግን ክፍል ውስጥ ስም ሲጠሩ «አቤት» የሚል ልጅ እየቀነሰ ሲሄድ አይተዋል። ይህንንም የነገረኝ ሌላ ሰው እንጂ እሳቸው አይደሉም። በሌላ በኩል እኅታችን ያለችውም እውነት አለው። «በሠርግ ስንት እንጀራ ይደፋል? ለዚያ የተቆጣ ሽማግሌ አላየሁም። ሃያ ኪሎ ስታርች ጣሪያ ከሆነ የትኛው ነው ብክነት?» አለችኝ። ለሁለቱም ፈራጅ መሆን አልቻልኩም።

በዚህ መሐል ነው «ቀለም» በሚለው ቃል ላይ ያሰብኩት። አማርኛችን ትምህርትን የሚጠራው በቀለም ነው። የተማረው «ቀለም ቀመስ» ነው። ሊቁን «የቀለም ቀንድ» እንለዋለን፤ የማይገባውን ልጅ ደግሞ «ቀለም አይዘልቀውም»። ፊደሉም ቀለም ነው፤ የሚጻፍበትም ቀለም ነው። ይህ የሚጻፍበት ቀለም ከምን ይሠራ እንደነበር ባጣራ ደነገጥኩ። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም ሲያዘጋጁ ከጥላሸትና ከቅጠላ ቅጠል ጋር የተቆላ እህል ይጨምሩበታል። እህሉ እስኪከስል ይቆላል፤ ይወቀጣል፤ በውኃ ተዘፍዝፎ ለወራት ይቆያል። እንግዲህ አባቶቻችንም እህል ወስደው ቀለም አድርገዋል ማለት ነው!

መልሱን ያገኘሁ መሰለኝና ወደ ቲቸር ቤት ገሰገስኩ። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ስለ ጥቁሩ ቀለም፣ ስለተቆላው እህል ሁሉንም ተረኩላቸው። ጸጥ ብለው አዳመጡኝ።

«አውቃለሁ» አሉ። «አባቴ ደብተራ ነበር። ያኛው እህል ግን ተጽፎበታል ልጄ። የእናንተው ነፋስ ይወስደዋል።»

ምን ልመልስ? ቡና ቀርቦልኝ ጠጣሁ። ልወጣ ስል ከበሩ ጠሩኝ። «ሩጫውን ተው አላልኩም» አሉ። «ቀለሙን ጻፉበት ነው ያልኩት።»

ይህን ለኮሚቴው አቀረብኩ። እኅታችን መጀመሪያ ተናደደች፤ ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። የዝግጅቱ ሐሳብ የእሷ ነው፤ ክብሩ ለእሷ ይሁን። ሯጩ ነጭ ቲሸርት ይለብሳል። በየኪሎ ሜትሩ ዱቄት ይዞ የሚጠብቅ ሰው አይኖርም፤ ባለቀለም ማርከር የያዙ ተማሪዎች እንጂ። አንደኛው ጣቢያ ቀይ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ሦስተኛው ሰማያዊ እያለ ይሄዳል። ሯጩ ቆሞ ጀርባውን ይሰጣል፤ ልጁ የፈለገውን ይጽፋል።

የዝግጅቱን ውጣ ውረድ ሁሉ ብተርክ አንባቢን ማሰልቸት ይሆንብኛል። የፈቃድ ደብዳቤ ይዘን ከቢሮ ቢሮ ዞረናል። ቲሸርቱ ሊደርስ የነበረበት ቀን አልፎ ዋዜማው ምሽት ላይ መጣ። ማርከሩን በባዶ ጨርቅ ላይ ሞክረን ለብሰን ስንሮጥ ላብ እንደሚያጠፋው ያወቅነው በመጨረሻው ሳምንት ነውና ሌላ ዓይነት ፍለጋ መርካቶን አካለልን። የታኅሣሥ እሑድ ማለዳ ግን ደረሰ። ሙዚቃው ሲከፈት ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጣ።

የሮጥኩትን ሩጫ ሩጫ አልለውም። በየጣቢያው ወረፋ ነበር፤ ልጆቹም አይቸኩሉም። የመጀመሪያው ጣቢያ ላይ ያገኘሁት ትንሽ ልጅ ምላሱን አውጥቶ፣ ተጠንቅቆ፣ በጀርባዬ ላይ «ሀ»ን ሲጽፍ በጨርቁ በኩል ጣቱ ይሰማኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ አንዲት ልጅ የማባዛት ሠንጠረዥ ጀመረችና ከኋላዬ ያሉት ሲጮኹባት በሰባት ላይ አቆመች። አራተኛው ላይ «ስምህ ማነው?» አለችኝ አንዷ። ነገርኳት። አንድ ፊደል ገድፋ ጻፈችው። አላረምኳትም።

ቲቸር ቲኬት ገዝተው መጡ። ከዘራቸውን ይዘው አምስቱንም ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄዱ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። መድረሻው ላይ ሲደርሱ ነጩ ቲሸርታቸው ነጭ ቦታ አልቀረለትም።

እውነቱን መናገር ስላለብኝ ይህንንም ልጨምር። የተገኘው ገንዘብ ለጣሪያው ሁሉ አልበቃም፤ የተሸፈነው ግማሹ ነው። እኅታችን እስከ ዛሬ «ዱቄቱ ቢኖር ኖሮ እጥፍ ሰው ይመጣ ነበር» ትላለች። ትክክል ልትሆን ትችላለች። ሥዕሉ ሰውን ይጠራል፤ በጽሕፈት የተሞላ ጀርባ እንደዚያ አይጠራም። የቀረው ግማሽ ጣሪያ የቲቸር ሕሊና ዋጋ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ቢመጣ የምመልሰው የለኝም። መጻሕፍቱን በተሸፈነው በኩል ደረደርናቸው። በሌላው በኩል ባልዲ ተቀምጧል። በመጪው ዓመት እንደገና እንሮጣለን።

ባለፈው ሳምንት ጎራ ብዬ ነበር። አዲስ የውሰት መዝገብ ተከፍቷል። ከመጀመሪያዎቹ ስሞች አንዱ፣ ከላይ ወደ ታች ያዘነበለ፣ ደማቅ አረንጓዴ ጽሕፈት ነው። ልጁ ከሩጫው የተረፈ ማርከር ይዞ ቀርቶ ኖሯል። ኃላፊዋ «በእስክሪብቶ ጻፍ ብለው እምቢ አለኝ» አለችኝ እየሳቀች። እኔም አንድ መጽሐፍ ተውሼ፣ ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ።